ጋሽ ሰይድ ጫማውን ሰቀለ

«ሰይድ ጫማውን ሰቀለ። አሁን ነው የተደወለልኝ።»

ዛሬ ረፋዱ ላይ ጊዮርጊስ ጋ፣ ባንኮኒ ተደግፌ ማኪያቶዬን ስጠጣ፣ አጠገቤ የቆመ ሰው በስልክ እንዲህ ሲል ሰማሁት። ደስ አለኝ።

አዎ፣ ደስ አለኝ። እስካሁን ማመን ያቃተኝ ሁለት ነገር ነው፤ መሞቱ እና የእኔ ደስታ።

ኳስ ተጫዋች «ጫማውን ሰቀለ» ከተባለ ጨዋታ አቆመ ማለት ነው። ጋሽ ሰይድም እሪ በከንቱ ሰፈር ያለችውን የቤት ዕቃ ሱቁን ለልጁ አስረክቦ አርፎ እንደሚቀመጥ ሲዝት ነው የከረመው። በቃ፣ የዛተውን አደረገው አልኩ። አራዳ ለሞትም ከኳስ ሜዳ ቃል እንደሚዋስ ረሳሁት። እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ።

ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሱቁ ተዘግቷል። ሸራ ተወጥሯል፣ ወንበር ተደርድሯል። ድግስ መሰለኝ። ወንዶቹ የሉም፤ ለካ ለቀብር ወጥተዋል። ባለቤቱ እትዬ ዘሀራ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣለች። እኔም ገና ከሩቁ፣ ሰፈሩ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ፦

«እንኳን ደስ ያለሽ እትዬ ዘሀራ! በመጨረሻ ተገላገለ!»

«ኧረ ይሄ ሰውዬ ጤና የለውም እንዴ?» አለች አንዷ።

እትዬ ዘሀራ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

«ተገላገለ ወንድሜ» አለችኝ። «ሱብሒ ሰግዶ ተኛ፣ በዚያው ተገላገለ።»

ያኔ ነው የገባኝ። ልሂድ እንዳልል ነውር፣ ልቀመጥ እንዳልል ነውር። ተቀመጥኩ።

ለማታውቁት፦ ከሱቁ ፊት ለፊት፣ የመብራት ሽቦ ላይ፣ አንድ ጥንድ ታኬታ ተንጠልጥሎ ነበር። የኳስ ጫማ። እኔ ነፍስ ሳውቅም እዚያው ነበር። ስለሱ ያልተወራ የለም። ሌቦች ለምልክት የሰቀሉት ነው ይባላል። በሠርጉ ዋዜማ የሞተ በረኛ ጫማ ነው ይባላል። የነካው ሰው ሰፈሩን መብራት ያሳጣል ይባላል፤ ማንም ሳይነካውም መብራት ይጠፋ ነበር፣ ግን ይህን የሚያነሳ አልነበረም።

የባሰው ከፊልም የመጣው ነው። ጫማ የተሰቀለበት ቦታ «ነገር» ይሸጣል የሚለው፤ ሐሺሽ ማለታቸው ነው። አንድ ቀን ከጋሽ ሰይድ ጋር ሱቁ ቁጭ ብለን ስናወራ አንድ ጎረምሳ ግራና ቀኙን አይቶ ገባ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎም፦

«ፋዘር፣ ዕቃ አለ?»

ጋሽ ሰይድ መደርደሪያውን በኩራት አሳየው። «ሞልቷል! ብርጭቆ ነው ሰሃን?»

«አይ… ያኛው ዕቃ።»

«የላይኛው? ቆይ ላውርድልህ» ብሎ መሰላል ላይ ወጣ።

ጎረምሳው ድስት ገዝቶ ወጣ። ክዳን ያለው።

ይህን ቀልድ ስንት ቦታ አውርቼ ሰው አስቄበታለሁ።

ጋሽ ሰይድ ራሱ ግን ሌላ ታሪክ ነበረው። «ታኬታው የእኔ ነው» ይል ነበር። «የሰፈሩ ቡድን የግራ ክንፍ ነበርኩ፣ የግራ እግሬን ኳስ ያዳነ በረኛ የለም፣ አባቴ ሲሞት ሱቁ እኔ ላይ ወደቀ፣ የዚያኑ ለት ሁለቱን በክራቸው አስሬ ወደ ላይ ወረወርኳቸው» ይል ነበር። ጨዋታውን የሚዘጋውም ሁሌ በአንድ ቃል ነው፦

«እግሬ ሽቦው ላይ ነው። ሱቅ የሚጠብቀው እጄ ነው።»

እኔ ተረት ከእውነት መለየት እችላለሁ ባይ ነኝ። የሌባውን ትቼ፣ የበረኛውን ትቼ፣ የፊልሙን ትቼ፣ የሱን አመንኩ። ለሰው ሳወራም «ይሄኛው እንኳ እውነት ነው» እል ነበር።

ባለፈው ክረምት አሮጌው ሽቦ ሲነሳ ታኬታውም ወረደ። ጋሽ ሰይድ ሮጦ ወጥቶ ከሠራተኞቹ እጅ ተቀበለና በፌስታል ጠቅልሎ ባንኮኒው ሥር ከተተው።

«ጋሼ፣ እስቲ ልየው» ስለው፦

«የሰው እግር ይታያል እንዴ? ነውር አይደለም?» ብሎ ሳቀብኝ።

ዛሬ እትዬ ዘሀራ ሱቁን አስከፍታ ያንኑ ፌስታል አስመጣች። ፈትታ ወደ ውስጥ አየች፣ ቆየች። ፈገግ ያለች መሰለኝ። ከዚያ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው።

«አንተ ትጽፍ የለ? ጻፍለት» አለችኝ። «ሰው ‹ያ ዕቃ ሻጭ› እያለው ነው የኖረው። ልጆቹም ሰምተውታል። ኳስ ተጫዋች ነበር ብለህ ጻፍለት።»

«እትዬ፣ ቅድም የተናገርኩት…»

«ተወው። እሱ ቢሰማህ ሆዱን ይዞ ነበር የሚስቀው። ብቻ ያየኸውን እንዳለ ጻፈው፤ ምንም እንዳትጨምር።»

ጋሽ ሰይድ፣ የሞትክ ለት ደጅህ ቆሜ ሚስትህን «እንኳን ደስ ያለሽ» ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን ሌላ ሰው ነግሮህ ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። አንተ በሌለህበት የድስቷን ቀልድ ስደጋግም የኖርኩትም እኔ ነኝ። አፉ በለኝ። አላህ ይዘንልህ፣ ማረፊያህን ጀነት ያድርገው። እግርህም እጅህም ዛሬ አንድ ላይ ናቸው፤ ደህና ሁን ጋሼ።

እንግዲህ እንደታዘዝኩት፣ ምንም ሳልጨምር፦ ጋሽ ሰይድ ኳስ ተጫዋች ነበር። የግራ ክንፍ።

ታኬታዎቹ እጄ ላይ ናቸው። ሁለቱም የቀኝ እግር ናቸው።