ተጸልዮበታል የተባለው ቤዝ

ሆሳዕና ከተማ ሴት ልጅ ካውያ ይዛ ካዩ ሸሚዝ ልትተኩስ ነው የሚመስላቸው። የኔ ካውያ የብየዳ ነው፤ ጫፉ እንደ እርሳስ የሾለ፣ ስታኞ አቅልጦ ሽቦ ከሽቦ የሚያያይዝ። ቀን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከሥራ ስወጣ የተበላሸ ኤሌክትሪክ ጊታር እጠግናለሁ፣ በተለይ ቤዝ። ማን አስተማረሽ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፤ ቪዲዮ አየሁ፣ አበላሸሁ፣ እንደገና ሠራሁ። ምን ያደርግልሻል ለሚለኝ ግን መልስ አልሰጥም። ኳስ የሚያይ ሰው ምን ያደርግልሃል ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?

የዚህ በሽታ ታማሚ እኔ ብቻ አይደለሁም። ገበያው አጠገብ የስልክ ከቨርና ቻርጀር የሚሸጥ፣ ወላጆቹ ከጉራጌ መጥተው እዚሁ የወለዱት አንድ ጋሼ አለ። እሱ የሚሰበስበው ሊድ ጊታር ነው። ከመደርደሪያው ጀርባ ባለችው ክፍል ግድግዳውን ሞልተውታል፤ አንገቱ የተሰነጠቀ፣ ቀለሙ የተላጠ፣ ከየትኛው ባንድ እንደተረፈ የማይታወቅ። አንዱንም አይሸጥም። ዋጋ የጠየቀውን ሰው «ይሄ አሞታል፣ ሲሻለው ና» ብሎ ይሸኘዋል። ዓርብ ሱቁን ዘግቶ መስጊድ ይሄዳል፤ ሲመለስ ከደንበኛው በፊት የሚያየው ጊታሮቹን ነው። እኔን «ቲቸር» ነው የሚለኝ። ቤዝ መውደዴ ያስቀዋል።

«ቲቸር፣ ቤዝ እኮ ጊታር ያቃተው ሰው የሚይዘው ነው» ይለኛል።

«ሊድ ደግሞ ወሬኛ የሚይዘው ነው» እለዋለሁ። ከዚያ ሻይ እናዝዛለን። ከጀርባ ክፍሉ የቆዩ ዘፈኖችን እየጎረጎርን እንጫወታለን፣ እሱ በሊድ እኔ በቤዝ። አዎ፣ ዘፈን፤ መዝሙር አይደለም። ይህን የምጽፈው ማንም ሹክ እንዳይል ብዬ ነው፤ እኔው ተናግሬዋለሁ።

ነገሩ የተነሳው ግን ከሱቁ አይደለም፣ ከምናመልክበት ቤተ ክርስቲያን ነው። ልጅ ሆኜ ኳየር ውስጥ ስዘምር መድረኩ ጥግ ላይ አንድ ቡናማ ቤዝ ጊታር ነበር። ሌሎቹ ልጆች የሶሎ ዘማሪዋን ቀሚስ ሲያዩ እኔ የማየው እሱን ነው። ቤዙ ሲመታ ድምፁ በጆሮዬ ሳይሆን በሆዴ ይገባ ነበር። ሴት ልጅ ቤዝ መንካት የለባትም ያለኝ ሰው የለም። ብቻ ወደዚያ ጥግ ጠጋ ስትዪ «ምን ጠፍቶሽ ነው?» ትባያለሽ። እኔም ምንም እንዳልጠፋኝ ተናግሬ ወደ ቦታዬ እመለሳለሁ። ምን ጠፍቶሽ ነው እየተባልኩ አድጌ፣ ተመርቄ፣ መምህር ሆንኩ።

ቤዙም በሰው እጅ ተሰቃየ። ክሩ ተበጥሶ ነበር፤ አዲስ አበባ የሚሄድ እስኪገኝ መጠበቅ ታከታቸውና አንዱ ብልህ ነኝ ባይ ከሞተር ሳይክል ጋራዥ የፍሬን ሽቦ አምጥቶ ወጠረበት። ወይ ጉድ! ጉዱ ደግሞ መሥራቱ ነው። ድምፅ ወጣ፣ ጉባኤው ሃሌሉያ አለ፣ ሰውዬው ትከሻው ተመታለት። ግን የፍሬን ሽቦ የተሠራው ሞተር ለማቆም እንጂ ለእንጨት አይደለም። ቀስ በቀስ አንገቱን ጎትቶ አጎበጠው፤ በአንገቱ ላይ የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶችም እንደ ሞረድ በላቸው። ከዚያ ኪቦርድ ተገዛ። የኪቦርዱ ግራ እጅ የቤዝን ሥራ ይሠራል ተባለና ቤዙ ዕቃ ቤት ገባ፣ ከተሰበሩ አግዳሚዎች ሥር።

አንድ ቅዳሜ ለጽዳት ተጠርተን ዕቃ ቤቱ ሲከፈት አየሁት። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሰብሳቢ እዚያው ቆመው ነበር፤ ሰንበት ትምህርት ያስተማሩኝ፣ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው፣ እኔም የማከብራቸው ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ይሄን ምን ልታደርጉት ነው?» አልኳቸው።

«ቅራቅንቦ ነው ልጄ። ከፈለግሽው ውሰጂው፣ ቦታ አጣበበብን» አሉኝ። ይህን ያሉት መጥረጊያ በያዙ ሰዎች ሁሉ ፊት ነው። በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድኩት።

መጀመሪያ ያን የፍሬን ሽቦ በፒንሳ ቆራርጬ ጣልኩት፤ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ የጣልኩት ቆሻሻ የለም። በቤዝ አንገት ውስጥ የሚያልፍ የብረት ዘንግ አለ፣ በቁልፍ ሲጠብቅ አንገቱን ያቀናዋል። ዝጎ እምቢ አለኝ። ዘይት እያጠጣሁ፣ አንገቱን በሞርሳ ብረት መንጋጋ መካከል አስሬ፣ በየጥቂት ቀኑ ትንሽ ትንሽ እያጠበቅሁ ክረምቱን ሙሉ ለመንኩት። እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ሳሎን ውስጥ በሞርሳ የታሰረውን እያየች «ይሄ ነገር ምን አጥፍቶ ነው የምታሠቃዪው?» ትላለች።

አንገቱ ሲቃና የባሰው ተገኘ። ከክሮቹ ሥር ድምፁን የሚቀበለው ማግኔት ላይ የተጠቀለለው ሽቦ ተበጥሷል። ይህ ማግኔት ፒካፕ ይባላል። እኔ ሞኟ የከተማችን የመሸጫና መግዣ ግሩፕ ላይ «ለቤዝ የሚሆን ፒካፕ እፈልጋለሁ» ብዬ ለጠፍኩ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። የዱራሜ ደላላ ነው።

«እህቴ፣ ነጠላ ጋቢና ነው ደብል?»

«ምን ጋቢና? ነጠላም ደብልም ይሁን፣ ባለ አራት ክር ነው የምፈልገው።»

«ባለ አራት ጎማ ማለትሽ ነው?»

እሱ በከምባትኛ ቅላፄ፣ እኔ በሀዲይኛ ቅላፄ፣ በአማርኛ እንጯጯሃለን። ጊታር ላይ የሚገጠም ነው ስለው «እንዴ፣ መኪና ጊታር ላይ ይገጠማል?» አለኝ። ዘጋሁበት። ደግሞ ደወለ። ሳቄ መጣና ፎቶ ላኩለት። ደላላ ደግሞ እልኸኛ ነው፤ ከያዘ አይለቅም። ጥቂት ቆይቶ ደውሎ «ፒካፕሽን አገኘሁልሽ፣ እዚሁ ዱራሜ፣ ጊታሩ ግን ሞቷል» አለኝ። ሄጄ ከሞተው ጊታር ላይ ማግኔቱን ፈትቼ መጣሁ። ጋሼ ለሱቁ ዕቃ አዲስ አበባ ሲሄድ ደህና ክር አመጣልኝ። ስታኞውን አቀለጥኩ፣ ክሩን ወጠርኩ፣ ከትንሿ አምፕሊፋየር ጋር አገናኘሁት። የወፍራሙን ክር ድምፅ ስሰማ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ «ይሄ የኛ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ አይደለም እንዴ?» አለች። ለየችው።

ቤዙን ይዤ ወደ ጋሼ ሱቅ መመላለስ ጀመርኩ፤ ወሬ ደግሞ እግር አለው አይደል? ብዙም ሳይቆይ ሰብሳቢው ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቤቴ መጡ። ሻይ ቀረበ፣ ስለ ዝናቡ ተወራ። ከዚያ ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ቤዙን እንደሠራሽው ሰማን። እግዚአብሔር ይባርክሽ። እንግዲህ ያ ዕቃ ሲገዛ በጉባኤው ፊት ቀርቦ እጅ ተጭኖበታል። ተጸልዮበታል፤ ለአገልግሎት የተለየ ነው። አሁን ግን ሱቅ ውስጥ ዘፈን ይጫወቱበታል የሚል ነገር መጥቶብናል።»

በእኛ ዘንድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የተጸለየበት ዕቃ ተራ ዕቃ አይሆንም፤ ማይክም ይሁን ከበሮ። ይህን አውቃለሁ፣ አምንበታለሁም። ደሜን ያፈላው ይኸው ማመኔ ነው።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ቅራቅንቦ ነው ውሰጂው ሲሉኝ ጸሎቱ የት ሄዶ ነበር? የሞተር ፍሬን ሲወጠርበትስ? አግዳሚ ሲጫንበትስ? ድምፅ ሲያወጣ ነው እንዴ የተጸለየበት መሆኑ ትዝ ያላችሁ?»

እናቴ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

«አትቆጪ» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። «ለልጆቹ እንሰጠዋለን፣ ያገለግሉበታል።»

«ለየትኞቹ ልጆች?»

«ለወንዶቹ ነዋ፤ መሣሪያ ለሚጫወቱት።»

እንግዲህ ይኸው ነው። የሱቁ ዘፈን ሰበብ ነው። ዕቃው ቅዱስ ነው፣ የጠገነው እጅ ግን የሻይ ብርጭቆ ማቅረቢያ ነው። «ቤዙ ይመለሳል» አልኳቸው። «ከነገ ወዲያ እሁድ ይመለሳል፣ እኔ አንግቼው። አምልኮው ሲያልቅ ደግሞ አብሮኝ ይወጣል። ለሌላ ሰው አልሰጥም። ሱቅ ውስጥም እጫወትበታለሁ፤ ዘፈኑን ካልወደዳችሁት እኔን ገሥጹኝ፣ ቤዙን ተዉት።»

«ሴት ልጅ መድረክ ላይ ቤዝ አንግታ...» ብለው ሦስተኛው ጀመሩ።

«እሺ፣ ምን ትሆናለች?»

ሰብሳቢው ብርጭቆአቸውን አስቀመጡና «እንጸልይበት» አሉ። በእኛ ቤት እንጸልይበት ማለት እምቢ ማለት ነው፣ ሰው ሳያስቀይሙ። ጸልየው ወጡ። እናቴ በሩን ዘግታ «ስጫቸውና ተገላገዪ፣ በስተርጅና ቤተ ክርስቲያኔን አታሳጪኝ» አለችኝ። ይህኛው አመመኝ።

በማግስቱ ለባለ ሱቁ ጋሼ ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፣ አልሳቀም። «እኔ እዚያ ገብቼ አላጨበጭብልሽም» አለኝ። «ግን ያ ገመድሽ ድምፅ ይቆራርጣል፤ በሱ ያሳፍሩሻል። ይሄን ያዢ» ብሎ ካልተከፈተ ፕላስቲክ ውስጥ አዲስ ረጅም የጃክ ገመድ አወጣ። ሊድ ጊታሩ ላይ እንኳን ያልሰካው ነው።

እሁድ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ። ሰው ሳይመጣ መድረኩ ላይ ወጥቼ ያን ጥግ ያዝኩ። የኳየሩ መሪ አየችኝ፣ ቤዙን አየች፣ «በየትኛው ቁልፍ እንደምንዘምር ታውቂዋለሽ አይደል?» ብቻ አለችኝ። የድምፅ ሠራተኛው ደግሞ ፈገግ እያለ ገመዴን ተቀብሎ የሁሉንም ድምፅ የሚያመጣጥነው ሚክሰር ላይ ሰካልኝ። ትልቅ ሰው ነው፣ የልጆች አባት፤ የሽማግሌዎቹ የቅርብ ሰው ነው። ሚክሰሩ ከመድረኩ ጎን ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። ሰዉ ገብቶ ሞላ። ሰብሳቢው ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እናቴ ከሴቶቹ መሃል አንገቷን ደፍታለች።

መዝሙሩ ተጀመረ። እኔም ገባሁ። ክሩ ከጣቴ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ እንጨቱ ጎድኔ ላይ ይሰማኛል፤ ከስፒከሩ ግን ምንም የለም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። ብየዳዬ ለቀቀ አልኩ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ሥራዬ አዋረደኝ ብዬ ላብ በላብ ሆንኩ። ጃኩን ነካካሁት፣ ጥሩ ነው። የድምፁን ቁልፍ አዞርኩ፣ ያው ነው። ከዚያ ቀና ብዬ ሚክሰሩን አየሁ። በሚክሰሩ ላይ የሁሉም ማንሸራተቻ ወደ ላይ ወጥቷል፤ የኪቦርዱ፣ የማይኮቹ፣ የከበሮው። የኔ ብቻ እታች ተቀምጧል። ሰውዬው ስልኩን ያያል። ሰብሳቢው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ያያሉ።

ያኔ ገባኝ። አላባረሩኝም፣ አልተቆጡኝም። ቆሜ ጣቴን እያንቀሳቀስኩ እንደ ፎቶ ታይቼ እንድመለስ ነው። ነገ «ኧረ ተጫውታለች፣ ማን ከለከላት?» ይባላል፤ ማንም ሳይሰማኝ። እናቴም ቤተ ክርስቲያኗን አታጣም፣ እነሱም ክብራቸውን አያጡም። እኔ ብቻ ጸጥ ካልኩ ሁሉም ሰላም ነው። ለአንድ አፍታ ጸጥ ልል ነበር።

ቤዙን እንዳነገትኩ ከመድረኩ ወረድኩ። የጋሼ ገመድ ረጅም ነው፤ ከኋላዬ እየተጎተተ ተከተለኝ። የሚዘምረው ሰው ድምፁን ቀነስ አደረገ፣ የኳየሩ መሪ ግን አላቆመችም። ሰውዬው ስልኩን አስቀምጦ «ምን ጎደለሽ እህቴ?» አለኝ፣ በሹክሹክታ።

«እኔ ነኝ የጎደልኩት» አልኩና ማንሸራተቻውን እስከ ላይ ገፋሁት።

ወፍራሙን ክር መታሁት። የጣሪያው ቆርቆሮ ተንዘረዘረ። ከሴቶቹ መሃል አንዲት ሴት እልል አለች፤ ዞሬ አላየሁም፣ የእናቴን እልልታ ግን ከማንም እለየዋለሁ። ሰውዬው እጁን ወደ ሚክሰሩ ዘረጋ።

«እጅህን አንሳ» አልኩት።

አነሳ። ወደ መድረኩ ብመለስ ዝቅ እንደሚያደርገው አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልተመለስኩም። መዝሙሩን እዚያው ሚክሰሩ አጠገብ ቆሜ፣ ፊቴን ወደ ሰብሳቢው አዙሬ፣ እስከ መጨረሻው ተጫወትኩት።