በሠላሳ የተሳለምኩት ቤተ ክርስቲያን

ይህ የገጠመኝ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በኅዳር ወር ነው። እስከ ዛሬ ከደባርቅ ወደ ጎንደር በነዳሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ትዝ ባለኝ ቁጥር ደግሞ መሪዬን እንደያዝኩ «ተመስገን» እላለሁ።

የሚኒባስ ሾፌር ነኝ። ያኔ በዚያ መስመር ላይ አሥራ አራት ዓመት ነድቻለሁ። የፍጥነት ምልክት የሚባለው ነገር ለጀማሪ ሾፌር ብቻ የተተከለ ነበር የሚመስለኝ። «ምልክቱን የተከለው ሰውዬ ከኔ በላይ ይህን መንገድ ያውቀዋል?» እያልኩ ጓደኞቼን አስቅ ነበር። ትራፊክ ፖሊስ ከሌለ ሠላሳ የሚለው ሰሌዳ ለኔ ከባሕር ዛፍ አይለይም። እውነቱን ለመናገር አንድም ቀን ሰው ገጭቼ አላውቅም፤ ልቤን ያሳበጠውም እሱ ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ደባርቅ መናኸሪያ ተሳፋሪ ሞልቼ ልወጣ ስል የባለቤቴ እህት ደወለች። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ቀኗ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል ስለተባልን ነበር ሥራ የወጣሁት። ለካስ ሌሊቱን ምጥ ይዟት ጎንደር ሆስፒታል ገብታ ወልዳለች። ሴት ልጅ። ግን ደሙ አልቆም ብሏታል። «ደም የሚሰጥ ሰው አምጡ እያሉን ነው፤ እኔ ሰጥቼ አልበቃም፣ ቶሎ ድረስ!» ብላ እያለቀሰች ስልኩ ተቋረጠ።

ስምንት ዓመት የጠበቅናት የመጀመሪያ ልጃችን ናት። ገና ዐይኗን በወጉ ሳትገልጥ እናቷን ልታጣ ነው አልኩ በሆዴ።

ለተሳፋሪዎቹ ነገርኳቸው። «ንዳ፣ እግዜር ይርዳህ» አሉኝ። ነዳሁ ማለት አይገልጸውም፤ በረርኩ። ዳባትን እንዴት እንዳለፍኩት አላስታውስም። ኩርባው ላይ ከኋላ ያሉት ሴቶች «ወይኔ ልጆቼን!» ሲሉ ይሰማኛል፤ ጆሮ አልሰጠኋቸውም።

ጋቢና ከጎኔ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ተቀምጠዋል። ጎንደር ቁስቋም ቅኔ የሚያስተምሩ፣ የዘመድ ልቅሶ ደርሰው የሚመለሱ ሰው ናቸው። መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው አጥብቀው ይዘዋል።

የኛ አገር ሾፌር አንድ ልማድ አለው። ቤተ ክርስቲያን ስናልፍ አንቆምም፤ አንድ እጃችንን ከመሪው ላይ አንሥተን እናማትባለን፣ አንገታችንን ደፋ እናደርጋለን፣ እናልፋለን። እኔማ ዐይኔንም እጨፍናለሁ። አንዲት ቅጽበት ናት፤ ምንም አትመስልም።

አምባ ጊዮርጊስን አልፈን መንገድ ዳር ወዳለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ተቃረብን። ሠላሳ የሚል ሰሌዳ አለ። እኔ ዘጠና ላይ ነኝ። ለማማተብ እጄን ሳነሣ መሪጌታው «ተው!» አሉኝ።

«ምነው የኔታ?»

«በሩጫ ሰላምታ አለ እንዴ? ሰውን እንኳ እንደምን አደርክ ስትል ቆም ትላለህ። ወይ ቀስ ብለህ ተሳለም፣ ወይ ዐይንህን መንገዱ ላይ አድርግና እለፍ።»

ደሜ ፈላ። «ሚስቴ እየሞተችብኝ ነው እኮ! ይህን መንገድ ዐይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ!»

«እሱን እኮ ነው የምልህ» አሉ መሪጌታው።

ሴቶቹ ከኋላ ተቀበሏቸው፤ «ኧረ በእመቤታችን! የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል!» አፍሬም ተናድጄም ፍሬን ያዝኩ። «ይኸው ሠላሳ! ደስ አላችሁ?» ብዬ ቆጣሪውን በጣቴ አሳየኋቸው። ከዚያ በእልህ አማተብኩ፤ እንደ ልማዴም ዐይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጠው አንዲት እናት አስፋልቱ ላይ ተደፍተዋል።

ወድቀው አይደለም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጀርባቸውን ለኛ ሰጥተው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው ይሰግዳሉ። ግንባራቸው መሬት ነክቷል። ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩት። ማኪናዋ ስትቆም ከአፍንጫዋ አንድ ክንድ አይርቁም ነበር።

እሳቸው ግንባራቸውን ደፍተው፣ እኔ ዐይኔን ጨፍኜ፣ ሁለታችንም አንድ ታቦት ስንሳለም ልገድላቸው ነበር። በዘጠናው ብመጣ ኖሮ ለሳቸው ከፈን፣ ለኔ እስር ቤት ነበር። ለሚስቴም ማን ይደርስላታል?

እናትዬዋ ምንም አላወቁም። ስግደታቸውን ጨርሰው ቀስ ብለው ተነሡ፣ ዞር ብለው አዩን፣ ፈገግ አሉ። ወደ መስኮቴ መጥተው «እሰይ የኔ ልጅ! ተሳልሜ እስክጨርስ ቆመህ ጠበቅከኝ? ሸጋ ነው አስተዳደግህ። ያሰብከው ይሙላልህ፣ ቤትህ በሰላም ይጠብቅህ» አሉኝ።

አውቄ የቆምኩላቸው መስሏቸው ነው! እውነቱን ልነግራቸው አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። መሪጌታው «አሜን በል እንጂ፣ እየመረቁህ ነው» አሉኝ። «አሜን» አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ሰሌዳው ያለኝን ብቻ ነዳሁ። መሪጌታው በየመሀሉ «አይዞህ፣ ትድናለች» ይሉኛል። ጎንደር ገብተን መናኸሪያ ላወርዳቸው ስል ተሳፋሪዎቹ «ቀጥታ ወደ ሆስፒታል!» ብለው ጮኹብኝ። ብዘገይ አሥር ደቂቃ ነው የዘገየሁት። እኔ ደም ሰጠሁ። «ወይኔ ልጆቼን» ሲሉ ከነበሩት ሴቶች አንዷና አንድ የደባርቅ ነጋዴም ክንዳቸውን ዘርግተው ሰጡ። ሊጨርሳቸው ለነበረ ሾፌር ሚስት! ግራ ገብቶኝ ስማቸውን እንኳ በወጉ አልጠየቅሁም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከሰዓት በኋላ ደሙ ቆመ።

አሁን ሠላሳ ሲል ሠላሳ ነኝ። ጓደኞቼ «ፈሪ ሆነሃል» ይሉኛል። አዎ፣ ፈርቻለሁ። መንገዱን እንደሆነ ዛሬም አውቀዋለሁ፤ ዛሬ ማን ተደፍቶበት እንዳለ ግን አላውቅም።

መሪጌታውን በየበዓሉ እየሄድኩ እጃቸውን እስማለሁ። እኚያን እናት ግን ዳግም አላገኘኋቸውም። ባገኛቸው «እማማ፣ አውቄ አልነበረም የቆምኩት» ብዬ እግራቸው ላይ እወድቅ ነበር። ሳይገባኝ የመረቁኝን ምርቃት ግን መልስ ቢሉኝ እንኳ አልመልስም። ሚስቴና ልጄ ቤት ናቸው።