የሰብለን መድኃኒት ፍለጋ ወደ ደሴቱ

ልጆቹ «እማማ፣ ያን የደሴቱን ጉዞ ንገሪን» እያሉ ሰነበቱ። በቃል ልንገራቸው ብል አንዱ አንዱን እያቋረጠ አያስጨርሱኝም፤ እንግዲህ ልጻፈው አልሁ። ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት የልጅ ልጄ ሰብለ ስታጠና ከጎኗ ተቀምጬ ነው።

ሰብለን በአሥራ ሦስት ዓመቷ ስኳር ያዛት። ከዚያ ወዲህ በቀን አራት ጊዜ ትወጋለች። የምንኖርበት ዱርቤቴ መብራት እየጠፋ ስለሚያስቸግረን ኢንሱሊኗን በእርጥብ አሸዋ መካከል በማሰሮ አኖርላት ነበር። አባቷ፣ ልጄም፣ እየጠማው እየከሳ በዚሁ በሽታ ነው የሄደብኝ።

ሐሙስ

በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍረን፣ በሶ በጥብጠን ይዘን፣ ባሕር ዳር ገባን። ሐኪሟ ከወራት በፊት የሰብለን ደም ለዘረመል ምርመራ ውጭ አገር ልካ ነበርና ውጤቱ መጥቶ ጠራችን።

«እማማ፣ በሰብለ ዘር ውስጥ አንድ የተለወጠ ቦታ አለ» አለችኝ። «ስኳሩን ያመጣው እሱ ከሆነ መርፌው ቀርቶ በእንክብል ልትኖር ትችላለች። ግን ይህ ለውጥ ገና በደንብ አልታወቀም። ስኳር ያለበት ሌላ ዘመዷ ላይም ከተገኘ ልባችን ይሞላል። የእርስዎን ለክተናል፣ ስኳር የለብዎትም። ከወንድ አያቷ በኩል ማን አለ?»

«እሳቸው ራሳቸው ብቻ ናቸው የቀሩት። ቤት ሳሉም የሚሸኑበት ላይ ጉንዳን ይሰፍር ነበር።»

«እንግዲያው ያምጡልኝ።»

«ሞተዋል።»

«እማማ! አሁን ቀርተዋል አላሉኝም?»

«መንኩሰው ነው ልጄ። ለዓለም ሙት ናቸውና ፍትሐት ተፈትቶላቸዋል።»

ባሌ ልጃችንን በቀበርን በዓመቱ ነው ሴት የማይገባበት ደሴት የገቡት። ከዚያ ወዲህ ዐይናቸውን አላየሁም። የዚያኑ ዕለት ወደዚያ በሚሻገር ባለጀልባ «እሑድ ለደም እመጣለሁ፣ ለሰብለ ነው» ብዬ ላክሁባቸው። ደም የሚቀዳው ነርስ፣ ዮናስ፣ ከሥራ የሚያርፈው እሑድ ብቻ ነው፤ ደሙን ይዞ የሚበረው ሰው ደግሞ ሰኞ ማለዳ ይሄዳል። እስከዚያው ዓባይ ማዶ የእህቴ ልጅ ቤት አረፍን።

እሑድ

ሰብለን እዚያው ትቼ ከዮናስ ጋር ጀልባ ላይ ወጣሁ። ውኃው ረግቷል፤ ዓሣ አጥማጆች በደንገል ታንኳቸው ዳር ዳሩን ይቀዝፋሉ።

«እማማ፣ እዚያ ወርደው እንዳያስገዝቱኝ!» አለኝ ባለጀልባው።

«በዚህ ጉልበቴ ወዴት እዘላለሁ? አርፈህ ንዳ።»

ሐይቁ መሐል ስንደርስ ነው ትዝ ያለኝ። እሑድ! ቅዳሴ! የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ደሙ አይፈስም፤ እሾህ እንኳ እንዳይወጋው ይጠነቀቃል። የካህን ሚስት የነበርሁ ሴት ይህን እንዴት እረሳለሁ?

ለዮናስ ነገርሁት። «እንመለስ ታዲያ?» አለ።

«አንመለስም። ደርሰን ከአፋቸው እንስማ።»

እሳቸው ወደቡ ድንጋይ ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከስተዋል። ወደ እኔ ቀና አላሉም። ዮናስ ወረደ፣ እኔ ጀልባው ላይ ቀረሁ።

«እንዴት ዋሉ አባ?» አልሁ ከጀልባው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ልጅቱስ?»

«በቀን አራት ጊዜ ትወጋለች።»

«የሞተ ሰው ደም ምን ይሠራል?» አሉ።

«ለሕያው ይሠራል፣ አባ።» ከዚያ ፈራ ተባ እያልሁ፣ «ቆርበዋል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አልቆረብሁም። ውሰዱ» አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ዕድሌ ነው ብዬ ፈጣሪዬን አመሰገንሁ። ዮናስ ጣታቸውን ወግቶ ቢለካ ስኳራቸው ከፍ ብሏል። ሐኪም ቤት እንዲመጡ ቢለምናቸው፣ «የኔ ይደርሳል፤ የልጅቱን አፍጥኑ» ብለው ወደ ዛፎቹ ገቡ። ዞር ብለው አላዩኝም። እውነቱን ልናገር፣ ከፍቶኝ ነበር።

ሰኞ

ደሙ ሄደ። ሐይቁ ዳር ከሰብለ ጋር ትኩስ ዓሣ ጥብስ በልተን በሚኒባስ ዱርቤቴ ገባን። ሦስት ወር ጠበቅን። ያ ለውጥ እሳቸውም ላይ ተገኘ። ሐኪሟ ሰብለን ሐኪም ቤት አስተኝታ፣ በየሰዓቱ እየለካች፣ መርፌውን በጥቂት በጥቂቱ ቀንሳ በእንክብል ተካችው። «ማንም በገዛ ፈቃዱ መርፌ እንዳይጥል፤ ለሁሉም አይሆንም» ብላ አስጠንቅቃናለች፤ እናንተም ስሙ። ስኳር በአንድ ስም ይጠራ እንጂ አንድ በሽታ አለመሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ለእሳቸውም እንክብሉ በጀልባ ይላክላቸው ጀመር።

ከብዙ ዓመት በኋላ አባ አረፉ። ለለቅሶ ሄጄ ጀልባው ላይ እንደተቀመጥሁ ከበዓታቸው አጠገብ የሚኖሩ መነኩሴ ወርደው አጽናኑኝ። ያን እሑድ ያነሡልኝም እኚሁ መነኩሴ ናቸው። መልእክቴ ሐሙስ ማታ ለአባ ደርሷቸው ኖሯል። ደሴቱ ላይ በኖሩበት ዘመን ሁሉ፣ ቅዳሴ ቆመው ሳይቆርቡ የወጡት ያን ዕለት ብቻ ነው።