ለየሺ ያልሰጠሁት ክኒን

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ የነገርኳቸው ትንንሾቹን ኃጢአቶቼን ነው፤ ይኸኛውን አንተ ስማኝ።

በጃንሆይ ዘመን ሱሉልታ ባንዲት ትንሽ ክሊኒክ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ነበርኩ። የነፍሰ ጡሮችን የዓይን ቆብ ገልብጬ አያለሁ፤ ከነጣ፣ ደም እንዲተካላቸው ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቢጫ ክኒን እሰጣለሁ። “ጎመን በጤና” እያልኩም ጎመን እንዲበሉ እመክራለሁ። ጎመን የሕፃኑ ጭንቅላት ላይ ይለጠፋል፣ ክኒን ልጁን አግዝፎ ምጥ ያከብዳል ሲሉኝ እስቅባቸው ነበር። እኔ አዋቂው!

ቤቴ ስገባ ግን እናቴም ያንኑ ትላለች። ሚስቴ የሺ ነፍሰ ጡር ነበረች። ውኃ ቀድታ ስትመለስ ትንፋሽ አጥሯት ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች፤ የዓይኗ ቆብ ውስጡ ነጥቷል። አይቻለሁ። ክኒኑን አመጣሁላት። እናቴ “የልጅ ልጄን ልትገድል ነው?” ብላ ስትጮህ፣ እኔ፣ አገሩን ሁሉ የማስተምረው እኔ፣ ክኒኑን ኪሴ ከትቼ ወደ ክሊኒኩ መለስኩት። የሺ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። “እሺ በያት፣ አታስቀይሚያት” አልኳት። እናቴን ፈርቼ ነው? ምን ታደርገኝ ነበር? ጭቅጭቅ ጠልቼ ነው። እራቴን በሰላም ልበላ!

የሺ ስትወልድ ደም ፈሰሳት። ድሮውንም ደም አልነበራትም፤ ሞተች። ሕፃኑም አልሰነበተም።

ለቅሶው ላይ ኦቦ ገመቹ አጠገቤ ተቀመጡ። ነፍሰ ጡር ሚስታቸው ጫልቱ ክኒኑን ከእኔ ነበር የምትወስደው።

“ዋቃ ያጽናህ ሐኪሜ። ጫልቱ የምትውጠውን የሺም ትውጥ ነበር?”

“በየቀኑ፣ ኦቦ” አልኩ።

የመቃብሯ አፈር ሳይደርቅ ዋሸሁ። በሳምንቱ ጫልቱ ክኒኗን በወረቀት ጠቅልላ መጣች። “የሐኪም ሚስት ውጣው ከሞተች ለእኔ ምን ያደርግልኛል?” አለችኝ። ዋሽቻለሁ ማለት ምን ያቅተኛል? አቃተኝ። እጄን ዘርግቼ ተቀበልኳት! ሌሎቹም እሷን አይተው መውሰድ ተዉ።

ጫልቱም ስትወልድ ሞተች። እኔ ነኝ የገደልኳት፤ ሁለቱንም እኔ ነኝ። ኦቦ ገመቹ ግን የሐዘን ጓደኛቸው አድርገውኝ፣ እስኪሞቱ ድረስ ገበያ ላይ ባገኙኝ ቁጥር አቅፈው ይስሙኝ ነበር። እኔም ጉንጬን ሰጥቼ እስማቸዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልነገርኳቸውም።

አሁን ይቅርታ ልለምን? ማንን? ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሁሉ አፈር ገብተዋል። አንተም በእነሱ ፋንታ እንዳትምረኝ።