መቶ ዓመት የዘገየውን መርዶ ያደረሱት መምህር ደምሴ

የመምህር ደምሴ ተማሪዎች፣ ጎረቤቶችና የእድር ወንድሞች ሆይ፤ መምህራችን ለሁለት ሳምንት ያህል ታመው ባለፈው ወር ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ጭሮ ላይ፣ ያስተማሩት ትውልድ ግራና ቀኝ አጅቦ ቀብሯቸዋል። በሂርና፣ በሚኤሶና ከዚያም ርቃችሁ ያላችሁ፣ መርዶውን ከወረቀት ላይ ማንበባችሁ ቅር እንደሚያሰኛችሁ አውቃለሁ። እሳቸውም ቢሆኑ «መርዶ በእግር ይሄዳል እንጂ በጽሑፍ አይላክም» ብለው ይቆጡኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ የወዳጃቸው ብዛት ለእግሬ አልተቻለም። ደግሞም እሳቸው ራሳቸው አንድ ጊዜ ይህን ሕግ አፍርሰዋል። እንዴት አድርገው እንዳፈረሱት ሳስታውስ እስከ ዛሬ ሰውነቴን ይነዝረኛል።

እኔ ሰናይት ነኝ፤ ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ። አሁን ፎቶ ኮፒ የማነሣባትና ማመልከቻ የምጽፍባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ከበሩ አጠገብ ያለችውን ወንበር ይይዙ ነበር። ኮታቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ጠመኔ አለ። «መምህር፣ ጡረታ ወጥተው ጠመኔው ምን ያደርግልዎታል?» ስላቸው፣ «አንቺ ስትሳሳቺ ግድግዳሽ ላይ የምጽፍበት» ይሉኛል። የምጽፋቸውን ማመልከቻዎች እያነበቡ የሚያርሙኝ ነገር አያጡም። እግዜር ያሳያችሁ፣ ደንበኛ ፊት!

የእድራችን ጸሐፊም እሳቸው ነበሩ። ያ ጥቁር ሽፋን ያለው መዝገባቸው የጭሮን ሙታን ስም ከነአባታቸው፣ ከነአገራቸው የያዘ ነው። አገሩ ያልታወቀ ሰው ሲሞት ግን መስመሩን ባዶ ትተው ይነሡና ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ ጫት ሲጭን የኖረ፣ ሙሳ ከመባሉ በቀር ምንም የማይታወቅ ጎልማሳ ሞተ። መምህር በሚኒባስ ሂርና ወርደው፣ ጫት የሚጭኑትን አንድ በአንድ እየጠየቁ ሦስት ቀን ዞሩ። በሦስተኛው ቀን እናቱን አገኟቸው። ወዲያው ግን አልነገሯቸውም። ጭሮ ተመልሰው ሽማግሌ ይዘው፣ በማግስቱ ማለዳ ደጃቸው ላይ ቆሙ። ለምን እንዲህ እንደሚደክሙ ስጠይቃቸው፣ «ሰው አፈር ሲለብስ ቀብሩ አያልቅም፤ መርዶው ሲደርስ ነው የሚያልቀው» አሉኝ።

ይህ ወሬ ነው ወይዘሮ ጽጌን ከሚኤሶ ያመጣቸው። ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ፣ ቀጠን ያሉ፣ ቁጣም ሳቅም የሚቀናቸው ሴት ናቸው። በነጠላቸው የጠቀለሉትን አንድ ትንሽ የጸሎት መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ ፈቱት። መጀመሪያው ገጽ ላይ በእንግሊዝኛ «ለልጄ ለጆሴፍ፤ ከእናትህ ከሜሪ» የሚል ጽሑፍ አለ። የእናታቸው አባት እንግሊዛዊ ነበሩ። የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ብረት ሠሪ ሆነው መጥተው፣ ሚኤሶ ላይ አግብተው እዚያው የሞቱ፤ የአገሩ ሰው እንደ ማንኛውም ፈረንጅ ሙሴ ብሎ፣ ሙሴ ዮሴፍ የሚላቸው። በመቃብራቸው ድንጋይ ላይ ጆሴፍ አምብሮዝ ተብሎ ተጽፏል።

«ሲሞት እናቴ ትንሽ ልጅ ነበረች» አሉ ወይዘሮ ጽጌ። «‹እናቴ አታውቅም፤ ለእናቴ ንገሩልኝ› እያለ ነው የሞተው። ማን ያውቃል እንግሊዝ በየት በኩል እንደሆነ! እናቴም ስትሞት ይህንኑ አደራ ለእኔ ጣለችው። እኔ ደግሞ ልጅ የለኝም። መምህር፣ እኔ ስሞት አደራውም አብሮኝ ይቀበር?»

መምህር ብድግ ብለው ወንበራቸውን ለቀቁላቸው። «እናቱን እንፈልጋለን» አሉ። መቶ ዓመት ያለፋት ሴት ገበያ ሄዳ ልትመጣ እንደሆነች ሁሉ።

በእንግሊዝ በዚያ ዘመን እያንዳንዱ አጥቢያ ያጠመቀውን፣ ያጋባውንና የቀበረውን በመዝገብ ይጽፍ ነበር። መንግሥትም በየአሥር ዓመቱ ቤት ለቤት እየዞረ ሰው ይቆጥራል። አሁን ብዙውን ኢንተርኔት ላይ አውጥተውታል። የቀብሩ መዝገብ ግን የሟቹን ስም፣ መንደር፣ ቀንና ዕድሜ እንጂ ወላጁን አይናገርም። ቤተሰቡን ሙሉ ለማግኘት፣ የሞተውንም ሕፃን ከእናቱ ጋር ለማገናኘት ከቀብር ወደ ጥምቀት፣ ከጥምቀት ወደ ቆጠራ መመላለስ ያስፈልጋል። መምህር ያንን የተጠማዘዘ የድሮ የእጅ ጽሑፍ በማጉያ መነጽር ያነቡታል፤ እኔ ገጹን እገልጣለሁ። ውጭ ባጃጁ ይጮሃል፣ ሰው ፎቶ ኮፒ ይላል፤ እሳቸው የሉም። አንዲት እንግሊዛዊት ልጇን ቀበረች ብለው ከንፈራቸውን ይመጣሉ። እኔ በበኩሌ ሜሪ የማትባል እንግሊዛዊት መኖሯን እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ።

ከብዙ ወራት በኋላ አገኘን። አባት አምብሮዝ፣ እናት ሜሪ፣ ልጅ ጆሴፍ! ከእሱ ሌላ አራት ልጆች ነበሯቸው፤ ሣራ፣ ዊልያም፣ አን እና ትንሹ ቶማስ። አራቱም በልጅነታቸው ተቀብረዋል፤ ሁለቱ በአንድ ሳምንት። መምህር ስማቸውን በወረቀት ጽፈው ዳዊታቸው ውስጥ አኖሩት። ወይዘሮ ጽጌም ሚኤሶ ላይ አልቅሰው ሐዘን ተቀመጡ፤ ጎረቤት መጥቶ አጽናናቸው። አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ቤተሰብ ሙታን ስም ሲጸለይ ከረመ።

ከዚያ አንድ ጠዋት አዲስ የተለቀቀ የቀብር ገጽ ከፈትኩ። መምህር ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ። «ሰናይት፣ ጆሴፍ ሞቷል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ እዚያው መንደሩ ተቀብሯል» አሉ። እንግዲህ እዚያ የተቀበረ ሰው ሚኤሶ መጥቶ ብረት አይሠራም። ቆይተው ግንባራቸውን መቱ። በእኛ አገር ከስም ቀጥሎ የሚጠራው አባት ነው፤ እሳቸውም ጆሴፍ አምብሮዝ ሲባል አባቱን አምብሮዝ ብለው ፈለጉት። እንግሊዞቹ ዘንድ ግን ያንን ስም ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ቤተሰቡ ሁሉ ይጋራዋል። «ይህንን ዕድሜ ልኬን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬዋለሁ» አሉ። «ራሴ ላይ ሲደርስ እንደ ጭሮ ሰው አሰብኩ።» ተማሪያቸው ሆኜ ሲያፍሩ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ለወይዘሮ ጽጌ ስልክ ደውለው አልነገሯቸውም። ይዘውኝ ሚኤሶ ወረዱ። ወይዘሮ ጽጌ ግቢያቸው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሰምተው ሲጨርሱ ቱግ አሉ።

«ያ ዋቅ! አምላኬ! በሰው ሬሳ ነው እንዴ ያስለቀሱኝ? ጎረቤቱን ሁሉ ሐዘን አስቀምጬ!»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» አሉ መምህር፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው።

ወይዘሮ ጽጌ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱና፣ «አሁን ይቺ ሴትዮ ጆሴፍም ሞተባት?» አሉ።

«ሞተባት። አምስተኛው።»

«እንግዲያው የእሱንም ስም ይጨምሩት። የእኔ ባይሆኑም አልቅሼባቸዋለሁ።»

መምህር ከኪሳቸው ዳዊቱን አውጥተው ወረቀቱን አሳዩአቸው። ከቤታቸው ሳይነሡ ጨምረውት ነበር። ሁለቱ አዛውንት ተያይተው ሳቁ፤ እኔ ፊቴን አዞርኩ፤ ዕንባዬ መጥቶ ነበር።

እንደገና ከሀ ጀመሩ። አሁን አምብሮዝን የቤተሰብ ስም አድርገው። ብዙ ሳይቆዩ ሄንሪ አምብሮዝ የሚባል የመንደር አንጥረኛ፣ ሚስቱን ሜሪንና ልጆቻቸውን አገኙ። የሚያረጋግጥልን ግን አልነበረም፤ መምህርም ሁለተኛ መሳሳት ፈርተዋል። ኋላ ዘመዶቻቸውን የሚፈልጉ ሰዎች መልእክት የሚለጥፉበት ገጽ ላይ፣ አንዲት ጡረታ የወጡ እንግሊዛዊት ነርስ የጻፉትን አነበብን። «የቅድመ አያቴን ወንድም ጆሴፍ አምብሮዝን እፈልጋለሁ። ብረት ሠሪ ነበር። የግራ እጁ ትንሿ ጣት የለችም። የመጨረሻ ደብዳቤው ከጅቡቲ ነው የመጣው።» መምህር ወደ ሚኤሶ ደውለው ስለ ጣቱ ምንም ሳይናገሩ፣ እናታቸው ስለ አባታቸው እጅ የነገሯቸው ነገር ካለ ጠየቁ።

«እጁ?» አሉ ወይዘሮ ጽጌ። «እናቴን ቁጥር ሲያስተምራት በጣቱ ነበር። ሁልጊዜ ዘጠኝ ላይ ያልቅበታል ብላ ትስቅ ነበር።»

ስልኩን ከእጃቸው ተቀብዬ ዘጋሁላቸው፤ እሳቸው ወደ ነርሷ ጽሑፍ ተመልሰው ነበር።

ሌላም ነገር አገኘን። በዚያ መንደር የመቃብር ድንጋዮችን ጽሑፍ እየገለበጡ የሚያኖሩ ሰዎች የሜሪንም ገልብጠውታል። ሜሪ ጆሴፍ ከመሞቱ ከዓመታት በፊት ሞታለች። ‹ለእናቴ ንገሩልኝ› ሲል እሱም የእሷን መርዶ አልሰማም ነበር። በድንጋዩ ላይ ከስሟ ሥር «ባሕር ማዶ የሄደው ልጇ ጆሴፍም» ይላል። ከዚያ በታች፣ ገልባጩ እንደጻፈው፣ ድንጋዩ ባዶ ነው። ቦታ ትተውለት ነበር። እስኪ አስቡት፤ ጭሮ ላይ መምህር ባዶ መስመር ይተዋሉ፣ እንግሊዝ አገር አንድ ድንጋይ ከመቶ ዓመት በላይ ባዶ መስመር ይዞ ከሚኤሶ ወሬ ይጠብቃል። ያን ዕለት ሱቄን ቀደም ብዬ ዘጋሁ፤ ሥራ አልሠራ ብሎኝ።

«በሉ መምህር፣ ለነርሷ እዚያው ጽሑፋቸው ሥር ልመልስላቸው» ብላቸው፣ «መርዶ በኮሜንት አይነገርም!» ብለው ጮኹብኝ። የኢሜይል አድራሻቸውን ብቻ ጠየቋቸው፤ ደብዳቤው በሚደርሳቸው ቀን ማለዳ ብቻቸውን እንዳይሆኑም ለመኗቸው። መርዶ ማለዳ ነውና ሰዓቱን አሰቡት። እዚያ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚህ ሦስት ሰዓት ነው። መርዶ አንድ ሰው አይነግርምና በቀኑ የእድራችንን ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። ሐጂ ሙሜም ነበሩ፤ ወይዘሮ ጽጌም ከሚኤሶ መጥተዋል። ከኮምፒውተሩ ኋላ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆሙ። አንዱም አልቀመጥ አለ። ደብዳቤው «እኛ በጭሮና በሚኤሶ የምንኖር፣ ስለ ጆሴፍ ልንነግርዎ በደጅዎ ቆመናል» ብሎ ይጀምራል። ልልክ ስል ኔትወርኩ ጠፋ። ሽማግሌዎቹ ቆመው ጠበቁ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ የመጣ ሰው ሁኔታውን አይቶ፣ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ባርኔጣውን አውልቆ አብሮ ቆመ። ኔትወርኩ ሲመለስ መምህር «አሁን» አሉኝ። ላክሁት። ሐጂ ሙሜ «ኢና ሊላሂ» አሉ፤ ወይዘሮ ጽጌ አለቀሱ። ድምፅ አውጥተው፣ እንደ ትኩስ ሐዘን። ከዚያ ወደ መምህር ዞረው ጉልበታቸውን ሊስሙ ዝቅ ሲሉ ከመንገድ ያዟቸው። «ገለቶማ መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። «ሸክሜን አወረዱልኝ።»

መልሱ ከቀትር በፊት መጣ። ሴትየዋ ከልጃቸው ጋር ሆነው አንብበውታል። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ሲሞት ማን አጠገቡ ነበር?» መምህር የሚስቱንና የሴት ልጁን ስም ጻፉላቸው።

በኋላ ሴትየዋ ከቤተ ክርስቲያኑ ፈቃድ አግኝተው ባዶውን ቦታ ሊያስጽፉ ሆነ። የሞተበት አገር ስም በእናንተ ፊደል እንዴት ይጻፋል ብለው ላኩ። መምህር በነጭ ወረቀት ላይ በትልቁ «ሚኤሶ» ብለው ጻፉ፤ እኔ ስካን አድርጌ ላክሁ። ይህ ከመታመማቸው ትንሽ ቀደም ብሎ ነው።

ፎቶው የመጣው በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ነበር። የሜሪ ድንጋይ፣ ከሥሩ ጆሴፍ፣ ከጆሴፍ ሥር ሚኤሶ። ቀራጩ ፊደሉን እንዳለ ነው የወሰደው። ያንን የእጅ ጽሑፍ አውቀዋለሁ፤ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የቀኑ ስም በዚያ እጅ ይጻፍ ነበር። በአንድ የእንግሊዝ መቃብር ላይ የመምህራችን እጅ አለ።

እንግዲህ፣ መምህር፣ አሁን ከእርስዎ ጋር ላውራ። ፎቶው በመጣ ቀን ወዲያው መልስ ልጽፍ ተነሣሁ፤ ከዚያ የሚቆጡኝ መሰለኝና ተውኩት። በማግስቱ ሐጂ ሙሜንና ሽማግሌዎቹን ጠራሁ። ወይዘሮ ጽጌም መጡ። በሦስት ሰዓት፣ ቆመን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ለእኒያ ሴትዮ የእርስዎን መርዶ ላክን። እሳቸውም እርስዎን የጠየቁትን ጠየቁን፤ ማን አጠገባቸው ነበር? እኔ ነበርኩ ብዬ ጻፍኩላቸው። ስለዚህ ቀብርዎ አልቋል፤ ይረፉ። ወረቀቱ ከዳዊትዎ ውስጥ አልወጣም፤ ዳዊቱም እኔ ዘንድ ነው፤ ከስሞቹ ሥር የእርስዎን ጨምሬያለሁ። ጆሴፍና እናቱ እንደሚቀበሉዎት አልጠራጠርም፤ ባለ ዕዳዎ ናቸው። እኔ የምለምነው ሌላ ነው። እነዚያ በስሕተት ያለቀሱላቸው ልጆች፣ ሣራና ዊልያም፣ አንና ትንሹ ቶማስ፣ ያም ሌላው ጆሴፍ፣ በር ላይ ወጥተው ይጠብቁዎት። ሲያዩአቸው ግራ አይጋቡ፤ ሁሉንም በስማቸው ያውቋቸዋል።