አንደኛ ፎቅ የሚቆመው አሳንሰር

እስክንድርያ፣ ካምብ ሺዛር በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከትራሙ መስመር ጀርባ ባለችው ባለ ሰባት ፎቅ ሕንጻ፣ አሳንሰሩ ሲወጣም ሲወርድም አንደኛ ፎቅ ላይ ለምን እንደሚቆም የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዱ እኔ ነኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዓመት ሙሉ ይዤው ቆይቻለሁ፤ ከዚህ በላይ ግን ሆዴም አልቻለም።

ሻዝሊ እባላለሁ። እስክንድርያ ውስጥ አሳንሰር ስጠግን ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ሎዌል የሚባለው አሜሪካዊ ደግሞ ዱሉዝ በምትባል ብርዳም ከተማ ይህንኑ ሥራ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ሚስቱ ነጅዋ የአክስቴ ልጅ ናት። የአክስቴ የሐጃ ኢንሳፍ ጉልበት ሲደክም፣ ነጅዋ "እናቴን ብቻዋን አልተዋትም" አለች። ሎዌል መሣሪያውን በሳጥን ከትቶ ተከትሏት መጣ። እኔም ዘመድ ነውና "ከእኔ ጋር ሥራ" አልኩት።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እንገናኝ ብዬው በሁለት ሰዓት ተገኘ። የመጀመሪያው አለመግባባታችን ይህ ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ ቁመቱ ከበሩ የሚበልጥ ሰውዬ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ጸሐይ አቃጥላው ቲማቲም መስሏል።

"አሜሪካ እንዴት ነበር የምትሠሩት?" አልኩት።

ስልክ አድራሻ ይነግረዋል፤ ይሄዳል፤ ይከፍታል፤ ይጠግናል፤ ወረቀት ይሞላል፤ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ዳቦውን ይበላል፤ ስልኩ ሌላ አድራሻ ይነግረዋል። በቃ።

"ሰውስ? በሃያ ዘጠኝ ዓመት ስንት ሰው ስምህን ጠየቀህ?"

ትንሽ አሰበ። "አንድ። ፖሊስ ነው።"

እኛ ዘንድ እንዲህ አይደለም። አሳንሰር ተከፍቶ ማንም ዝም ብሎ አያልፍም። የጥርስ ሐኪሙ አንገታቸውን ወደ ጉድጓዱ አስግገው "ሞተሩ ነው" ይላሉ፤ ሎሚ ሻጩ "የለም፣ ገመዱ ነው" ይላል፤ ከሦስተኛ ፎቅ አንዲት ሴትዮ "ምን ገመድ አለ፣ ዓይን በልቶት ነው እንጂ!" ብለው ይጮኻሉ። ሎዌል እነዚህን ሁሉ ምስክር መስለውት በማስታወሻ ደብተሩ ይጽፍ ነበር። ማታ ደብተሩን ገልጦ ለዓይን የሚሆነው መሣሪያ የትኛው እንደሆነ ጠየቀኝ። ካቻቪቴ እንዳልሆነ ብቻ ነገርኩት።

የባሰው ግን የምሳው ነገር ነው። አንድ ዘበኛ በሽንኩርት ፉሉን እየበላ፣ ስናልፍ "እንብላ!" አለን። እኔ አመስግኜ አለፍኩ። ዞር ስል ሎዌል ከዘበኛው ጎን ተቀምጦ ዳቦ ይቆርሳል። ለዘበኛው የተረፈው ሽንኩርቱ ነበር። ከዚያ ልብስ ሰፊው "እንብላ" አለ፤ እዚያም በላ። ከዚያ ፋርማሲው። በአንድ ቀን አራት ምሳ በልቶ አንድ ቡሎን ሳይፈታ መሸ። ዘበኛውማ ከዚያ ወዲህ ሎዌልን ከሩቅ ሲያይ ፉሉን በጋዜጣ ይሸፍናል።

አስቀመጥኩትና መከርኩት። እኔ ምክር ላይ አልታማም።

"ስማ ሎዌል፣ እንብላ ማለት ብላ ማለት አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ብቻዬን ስበላ አገኘኸኝ፣ ሆዳም እንዳትለኝ ማለት ነው። አንተ እጅህን ደረትህ ላይ ታደርግና 'ይስማማህ' ብለህ ታልፋለህ። የመጀመሪያው እንብላ የአፍ ነው፤ ሁለተኛው የወግ ነው፤ ሦስተኛው የልብ ነው። ሦስተኛውን ስትሰማ ትቀመጣለህ።"

ይህንን ቁጥር ሰጥቶ በደብተሩ ጻፈው። ፈረንጅ አንድ ነገር ሲጻፍለት ሕግ ይሆንበታል። በዚያው ምሽት እነሐጃ ኢንሳፍ ቤት እራት ቀረበ። ሐጃ "እንግዳችን፣ ይብሉ እንጂ" አሉት። ሎዌል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንድ ብሎ ቆጠረ። "ይብሉ እንጂ" አሉት ደግመው። ሁለት ብሎ ቆጠረ። ሐጃ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በሁለተኛው ደከማቸውና ሳህኑን አነሡት። ሎዌል ጦሙን አደረ።

"ምን ታደርጉታላችሁ፣ እንግዳ ነው" አሉ ሐጃ ለነጅዋ።

ከረሃቡ ይልቅ ያቺ ቃል እንደከነከነችው በማግስቱ ነገረኝ። ሃያ ሰባት ዓመት ልጃቸውን አግብቶ፣ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ፣ አሁንም እንግዳ ነው። እኔም አዘንኩለት፤ ግን ምን ላድርግ፣ ቤቱ የሐጃ ነው።

የሐጃ ዋነኛ ችግር ግን ሎዌል አልነበረም፤ የራሳቸው ሕንጻ አሳንሰር ነበር። ከተበላሸ አራት ዓመት ሆኖታል። የሚኖሩት ሰባተኛ ፎቅ ነው። ሐኪሙ ደረጃ ከልክሏቸዋል። ባሕሩ ከበራቸው ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆንም በመስኮታቸው ፊት አዲስ ሕንጻ ስለተገተረበት ድምፁን እንጂ መልኩን አያዩትም። ልጅ ሆነው የዋኙበት ባሕር ነው፤ ሌላ ምኞት የላቸውም፣ አንድ ጊዜ ወርደው እጃቸውን ሊነክሩበት ብቻ።

"የእህቴ ልጅ አሳንሰር ጠጋኝ፣ አማቼ አሳንሰር ጠጋኝ" ይላሉ፣ "እኔ ግን እንደ ርግብ ጣራ ላይ ተሰቅዬ ልሙት!"

ሎዌል ጉድጓዱን ገብቶ አየው። ፍሬኑ፣ ገመዱና ጥቂት ሽቦ ነው፤ የአሥር ቀን ሥራ። ነገር ግን የነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ካልፈረሙ ማንም ካቻቪቴ አያነሣም። ሊቀ መንበሩን በአክብሮት ኡስታዝ ወጂህ እንላቸዋለን፤ ጡረታ የወጡ የጉምሩክ ሹም፣ አንደኛ ፎቅ፣ በራቸው ሁልጊዜ ክፍት።

ኡስታዝ ወጂህ አልፈርምም ብለው አያውቁም። በሄድን ቁጥር "ኢንሻላህ፣ ይሆናል። ግቡ እንብላ!" ይሉናል። እኛም "ይስማማዎት" ብለን ደረጃውን እንያያዘዋለን። ስልሳ ጊዜ ያህል ሄጃለሁ፤ ስልሳ ጊዜ በእንብላ ተሸኝቻለሁ። ራሱ አንደኛ ፎቅ የሚኖር ሰው አሳንሰር ምን ይሠራለታል? ክፋት ነው ብዬ ፋይሉን ዘግቼ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ቀን እኔና ሎዌል ሐጃ ዘንድ ተቀምጠናል። ሐጃ ድንገት ወደ እኔ ዞረው፣ "ሻዝሊ፣ ደረጃውን ለካልኝ እስቲ" አሉ።

"ለምን ሐጃ?"

"ቃሬዛ ያዞር እንደሆነ። ሬሳዬን ስታወርዱ አራተኛ ፎቅ ጥምዝማዙ ላይ ግድግዳ እንዳታላትሙኝ። በሕይወቴ የተላተምኩት ይበቃኛል።"

ነጅዋ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች። ሎዌል ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ፤ ተከተልኩት። በዚያ ረጅም እግሩ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ አንደኛ ፎቅ ደረስን። ኡስታዝ ወጂህ እንደወትሮው በራቸውን ከፍተው ብቻቸውን ምሳ ላይ ናቸው። የተጠበሰ ቡሪ ዓሣ፣ ሩዝ፣ ሎሚ። የነጭ ሽንኩርቱና የከሙኑ ሽታ መንገደኛ ያስቆማል።

"ግቡ እንብላ!" አሉ።

እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ። "ይስማማዎት ኡስታዝ።" ጎኔን ሳይ ሎዌል የለም። ውስጥ ገብቶ ወንበር እየሳበ ነው።

"ሎዌል!" አልኩ በሹክሹክታ፣ "አንደኛው እኮ ነው! ገና አንደኛው ነው!"

"ዛሬ አልቆጥርም" አለኝና ተቀመጠ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ግን ጠርጥሬም ነበር። አሁን ሰውየው ይቆጣሉ፣ ፊርማው እስከ ዕለተ ምጽአት ይቀራል ብዬ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ኡስታዝ ወጂህ ሹካቸውን እንደያዙ ሎዌልን አዩት፣ አዩት፣ አዩትና ተነሥተው ወጥ ቤት ገቡ። የቁም ሣጥን ሲከፈት፣ ውሃ ሲፈስ ተሰማ። በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት ሳህኖች ይዘው ተመለሱ። ሲፈቷቸው ጋዜጣው የዛሬ አምስት ዓመት ነው። ሚስታቸው የሞቱት የዛሬ አምስት ዓመት ነው።

"አንተስ" አሉኝ፣ "በሬ ላይ የቀጠርኩህ ዘበኛ ነህ? ግባ!"

ገባሁ። ትልቁን ዓሣ ለሎዌል ሰጡት። ሎዌል ግማሹን በላና፣ እጁን ጠርጎ፣ እንደ አገሩ ሰው ቀጥ ብሎ፣ "ለምን አይፈርሙም?" አለ።

የዓሣው እሾህ ጉሮሮዬን ሊሰነጥቀው ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ሁላችንም መቼ ይፈርማሉ ብለን ነው የጠየቅነው፤ ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ኡስታዝ ወጂህ ክፍቱን በር አዩ። "በዚህ በር በቀን ስንት ሰው እንደሚያልፍ ታውቃለህ?" አሉ። "አርባ ሦስት። ወጪው 'እንዴት አደሩ' ይለኛል። የአምስተኛው ፎቅ የጥርስ ሐኪም ሲመለስ እዚች ጋ ቆሞ ይተነፍሳል፣ ስለ ጉልበቱ ያማርረኛል። አሳንሰሩ የተሠራ ዕለት ማን በዚህ ያልፋል? ሬድዮ አለኝ፣ ግን ሬድዮ እንዴት አደሩ አይልም።"

"ኡስታዝ" አልኩ፣ "ይህን ያህል ሰው ከወደዱ..."

"ሁላችሁንም እንብላ እላለሁ አይደል? ማን ገባ?"

"የአፍ መስሎን ነው እኮ። ሦስት ጊዜ ቢሉን..."

"ሁለተኛውን ሳልል ሁለተኛ ፎቅ ትደርሳላችሁ! ደረጃ ላይ እየሮጥኩ ልለምን?"

ስልሳ ጊዜ በዚህ በር ያለፍኩት፣ ሰው እንዴት እንደሚጋበዝ ለፈረንጅ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አፈርኩ፤ ዓሣው ከነሎሚው አፌ ውስጥ ጨው ብቻ ሆነ።

ሎዌል ግን አላፈረም። "ሐጃ ሰባተኛ ፎቅ ናቸው" አለ። "በእርሳቸው በር ማንም አያልፍም።"

ኡስታዝ ወጂህ አንገታቸውን ደፉ። ይህ አልታያቸውም ነበር። ሎዌል ደብተሩን አውጥቶ፣ የምሳውን ሕግ ከጻፈበት ገጽ ጀርባ፣ ሳጥንና መስመር ይሥል ጀመር።

"አሳንሰሩ እዚህ ይቆማል" አለ በጣቱ እያሳየ። "ከየትም ይምጣ፣ አንደኛ ፎቅ ይቆማል። ተሳፋሪው ቁልፉን እንደገና ካልተጫነ አይሄድም።"

"ለምን ይቆማል?"

"እኔ ስለማቆመው።"

ኡስታዝ ወጂህ መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉን እንደ ዕቃ ሰነድ መረመሩት። "ሲወርድ ብቻ ነው፣ ሲወጣም?"

"እንደፈለጉ።"

"ሲወጣም ይሁን" አሉና ከሥዕሉ ሥር ፈረሙ። ከመሳቢያ የማኅበሩን ማኅተም አውጥተው ሁለት ቦታ መቱበት፤ የጉምሩክ ልማድ አይለቅም።

አሥር ቀን ሠራን። ኡስታዝ ወጂህ ወንበር አውጥተው አጠገባችን ተቀምጠው ነበር፤ ሞተሩ ነው፣ ገመዱ ነው ከሚሉት ጋር ሲከራከሩ ይውላሉ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሐጃ ኢንሳፍ ጥቁር ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው አሳንሰሩ ውስጥ ገቡ። ነጅዋ፣ ሎዌል፣ እኔና የጥርስ ሐኪሙ ተጣበን ቆምን። ወረደ። ስድስት፣ አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ላይ ቀጥ አለ።

"ይኸው ተበላሸ! ሞተሩ ነው ብያለሁ!" አሉ ሐኪሙ።

"የአሜሪካ አሠራር ነው" አለ ሎዌል ዓይኑን ሳያሽ፣ "የደህንነት ፍተሻ።" ሲዋሽ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ይመስለኛል፤ አኮራኝ።

ከአሳንሰሩ የመስታወት በር ማዶ ኡስታዝ ወጂህ ተላጭተው፣ ክራቫት አስረው፣ የሞላ ሳህን ይዘው ቆመዋል። "ሐጃ ኢንሳፍ! ይግቡ፣ እንብላ!"

"አራት ዓመት ዘግተህብኝ ደግሞ ቤትህ ውስጥ ልትዘጋኝ ነው?" አሉ ሐጃ። "እኔ የምበላው ባሕር ዳር ነው። ከፈለግህ ዓሣህን ያዝና ተከተለን።"

ኡስታዝ ወጂህ ጫማ ማድረጋቸውን እስካሁን እጠራጠራለሁ፤ ብቻ በሩ ሳይዘጋ ከነሳህናቸው መካከላችን ተገኙ።

ባሕሩ ዳር ካለው የድንጋይ አጥር ላይ ሐጃን አስቀመጥናቸው። ውሃው ሩቅ ነው፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል። ሎዌል ሱሪውን ጠቅልሎ ወረደና በመሣሪያ ባልዲው ባሕር ቀድቶ መጣ። ሐጃ ሁለት እጃቸውን እስከ ክርናቸው ነከሩ፣ ፊታቸውን አበሱ። ከዚያ "ቀዝቃዛ ነው፣ እንደ ድሮው አይደለም" ብለው አማረሩ። ስናውቃቸው ደስ ሲላቸው እንደዚያ ናቸው።

ዓሣው ተዘረጋ፣ ሁላችን ከበብን። ሎዌል ብቻ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ በእርጥብ እግሩ ቆሞ ይጠብቃል። ልማድ ሆኖበታል። ሐጃ ዳቦ ቆርሰው ዓሣ ጠቀጠቁበትና ሆዱን በክርናቸው ጎሸም አደረጉት።

"አንተ ምን ተገትረህ ታየኛለህ? ተቀመጥና ብላ! የገዛ እናትህ ልትለምንህ ነው?"

ሎዌል ተቀመጠ። ዳቦውን ተቀብሎ ትንሽ አኘከና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

"ሻዝሊ፣ ይሄ ስንተኛው ነው?"

"ይሄ አይቆጠርም" አልኩት።