የፀዳለ ቀኝ ጆሮ

ፀዳለ ገመድ አልባውን ኤርፎን የገዛችው ኦክላንድ ውስጥ፣ ቴሌግራፍ አቬኑ በተባለው መንገድ ላይ ካለ ፋርማሲ ነው። ከሳል መድኃኒቱ አጠገብ ተንጠልጥሎ፣ ቅናሽ የሚል ቢጫ ወረቀት ተለጥፎበት ነበር። የሠራውን ፋብሪካ ስም ማንም አያውቀውም፤ ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነው። ክዳኗ ቀጭ የምትል ነጭ ሳጥን አለችው፤ ሁለቱ ፍሬዎች እዚያ ውስጥ ተኝተው ቻርጅ ይደረጋሉ።

የምትጠቀመው በቀኙ ብቻ ነው። ዩኒየን ሲቲ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አልጋ ስታነጥፍ አንድ ጆሮዋ ክፍት መሆን አለበት፤ የሚጣራ ወይም የሚወድቅ ሽማግሌ አይጠፋም። ቤትም ያው ነው። ባሏ ጌታቸው ታሞ በተኛበት ጊዜ ሁሉ ግራ ጆሮዋ ወደ መኝታ ቤቱ እንደተቀሰረ ነበር፤ እሱ ካረፈም በኋላ ልማዱ አልለቀቃትም። ግራው ፍሬ ከተገዛ ጀምሮ ከሳጥኗ ወጥቶ አያውቅም።

የምታዳምጠው መዝሙር አይደለም፤ ወሬም አይደለም። ልጇ ሳሌም በራሷ ድምፅ ቀርፃ የላከችላትን የዜግነት ፈተና ጥያቄዎች ነው። ሳሌም ሳን ሆዜ ትኖራለች፤ እንግሊዝኛዋ ያለ ፍሬን ይሄዳል። ጥያቄውን ትጠይቅና ለመልሱ ትንሽ ዝም ትላለች። ፀዳለ ባቡር ውስጥ ሆና፣ አልጋ ስታነጥፍ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ በዚያች ዝምታ መልሱን ትለማመዳለች። በስልክም ሲያወሩ ኤርፎኑን አትነቅለውም።

«ማሚ፣ ዩ አር ሻውቲንግ» ትላታለች ሳሌም።

«አልጮህኩም!» ትላለች ፀዳለ እየጮኸች።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ወድቃለች። መልሱ ጠፍቷት አልነበረም። ጥያቄው ሲፈጥንባት ይደገምልኝ ማለት አፈረችና «የስ» አለች። ለሚቀጥለውም «የስ»። ደብዳቤውንም ስልኩንም የሚመልሰው ጌታቸው ነበር፤ «ዝም ብለሽ የስ አትበይ፣ አንድ ቀን መኪናችንን ትሸጪዋለሽ» ይላት ነበር። ማክሰኞ ሁለተኛው ቀጠሮ ነው። አሁን ከወደቀች ማመልከቻው ይዘጋል፤ ሁሉም ነገር እንደገና ከሀ ይጀመራል።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው እስኪያልቅ ስልኳን አልነካችም። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ አምሐ ማይክራፎኑን ይዘው ስለ መኪና ማቆሚያ ማስታወቂያቸውን ሲጀምሩ ግን አላስቻላትም፤ ማስታወቂያው እንደሚረዝም ታውቃለች። ሐዘንተኛ በመሆኗ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ራሷን ተሸፋፍናለች፤ ጆሮዋ አይታይም። ቀኙን ፍሬ ቀስ ብላ ሰካችው።

ከጎኗ የተቀመጡት እማማ ያለምዘውድ ትከሻዋን ነካ አደረጓት። «ልጄ፣ ምን ታነበንቢያለሽ?»

ደነገጠች። ፍሬውን ነቅላ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችና ክዳኑን ቀጭ አደረገችው፤ ጥፋቷም ይኸው ሆነ። ኤርፎኑ ሲቋረጥበት ስልኩ በራሱ ድምፅ ቀጠለ። ሳሌም ከእናቷ ቦርሳ ውስጥ ሆና፣ በዚያ ፈጣን እንግሊዝኛዋ፣ የአገሪቱ የበላይ ሕግ ምን እንደሆነ ሕዝበ ክርስቲያኑን ጠየቀች።

አቶ አምሐ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ለመልሱ የተተወችው ዝምታ መጣች።

«ዘ ኮንስቲቲውሽን!» አሉ እማማ ያለምዘውድ፣ ሳያስቡት።

ሳሌም ቀጠለች፤ በምዕራብ ጠረፍ ያለው ውቅያኖስ ማን ይባላል?

«ፓሲፊክ!» አለ የሴቶቹ ወገን በሙሉ። ከወንዶቹም በኩል አንድ ሁለት ጎርናና ድምፅ ተሰማ።

ፀዳለ ስልኩን አግኝታ እስክታጠፋው ድረስ የቦርሳዋ ዕቃ ሁሉ ምንጣፉ ላይ ተዘርግፏል።

«እንግዲህ» አሉ አቶ አምሐ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ይህን ሁሉ የምታውቁ ሰዎች የጎረቤት በር ላይ መኪና እንደማይቆም እንዴት ጠፋችሁ?»

ከጸሎቱ በኋላ ምግብ ላይ ሴቶቹ ፀዳለን ከበቧት። አንዷ ዳቦ እያላመጠች፣ ሌላዋ እየሳቀች፣ ሁሉም በየራሳቸው እንግሊዝኛ ይጠይቋት ጀመር። ዕፀገነት ነርስ ናት፤ ችኩል ናት። ጥያቄዋን ሳትተነፍስ ለቀቀችው።

«የስ» አለች ፀዳለ።

«ምኑን ነው የስ?» አሉ እማማ ያለምዘውድ። «አልሰማሁም በያት!»

«ነውር አይሆንም፣ እማማ?»

«ምን ነውር አለው? ጠያቂው ደመወዝ ይከፈለው የለም እንዴ! እኔን የጠየቀኝን ሰውዬ ሦስቴ አስደግሜዋለሁ፤ በመጨረሻ ጉሮሮው ደርቆ ውኃ ጠጣ። በይ፣ አሁን አስደግሚያት!»

ፀዳለ አስደገመቻት። ከዚያ ደጋግማ አስደገመቻት፣ ዕፀገነት «ኧረ በናትሽ፣ ልብላበት!» እስክትል ድረስ።

ማክሰኞ የገጠመቻት ጠያቂ ወረቀቷን እያየች የምታወራ ለስላሳ ሴት ነበረች። ሁለተኛውን ጥያቄ ግማሹን ዋጠችው። «የስ» የምትለው ቃል መጥታ ምላሷ ላይ ተቀመጠች። ፀዳለ ቃሏን ወደ ኋላ መለሰቻትና «ፕሊስ፣ አልሰማሁም፤ ይድገሙልኝ» አለች በእንግሊዝኛ። ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻት፤ ቀስ ብላም ደገመችላት። ስለ ውቅያኖሱ ኖሯል። በኋላም ሌላ ጥያቄ አስደገመቻት፤ ውኃ ግን አላስጠጣቻትም።

ወደ ኦክላንድ በሚመለሰው ባቡር ውስጥ ያለፈችበትን ወረቀት ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሳጥኗን ከፈተች። የሚጣራ ሰው የለም። ቀኙን ሰካች፤ ትንሽ ቆየችና ግራውንም አወጣች፤ በግራ ጆሮዋ ሰካችው። የሐዲዱ ጩኸት ወደ ሩቅ ሄደ። ሳሌም ስትደውል ድምፅዋ ከራሷ ጭንቅላት መሃል የመጣ መሰላት።

«ማሚ? ዲድ ዩ ፓስ?»

«አልፌያለሁ!»

ከፊት ለፊቷ የተቀመጠው ወጣት የራሱን ኤርፎን ነቅሎ አያት። በሩ አጠገብ የቆሙት ሁለት ሴቶችም ዞሩ።

«ማሚ፣ ዩ አር ሻውቲንግ!»

«ይስሙ!» አለች ፀዳለ።